ያወቀ ሰው እንደገና ሲማር



የቀጨኔ ሰፈር ወጣቶች ስለ ጠላት ወረራ ዘመን እንድናገር ሲጋብዙኝ «ስለ ማይጨው ነው ወይስ ስለ አርበኞቹ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ልጅ ራሱን አከክ አከክ አደረገና «ጋሼ፣ እሱንማ በየዓመቱ እንሰማለን። አገሩን የተቀማ ወታደር በሰው አገር ተቀምጦ ምን ይማራል? የተማረውንስ ለማን ያደርገዋል? እሱን ይንገሩን» አለኝ። ብዙ ዘመን ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አላስታውስም። የዛሬው ዲስኩሬ ለዚያ ልጅ የምሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ሁለት ስለሆነ ንግግሬንም ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ስደተኛ ወታደር ምን እንደተማረ፣ ቀጥሎ የተማረውን ለማን እንዳደረገው። ምሳሌዎቼን ከሁለት ሕዝቦች አመጣለሁ፤ ከፖላንዶችና ከእኛ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ልጆች፣ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጋር ባይገጥም እንዳትደነግጡ።

ደጋግሜ የምመለስበት ሐሳብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ስደተኛ ወታደርን የሚያሠለጥን ሰው ፊቱ የሚቀመጠው ጀማሪ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ነው። የተዋጋ፣ ያዘዘ፣ የቆሰለ ሰው ነው። ያንን ሰው «ያወቅኸውን እርሳና ከሀ ጀምር» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ነው የምነግራችሁ።

ይህንን ለቀጨኔ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሰፈር አንድ ሸማኔ ቤት ገብቼ ነበር። ሰውየው ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ በአፉ ደግሞ ስለ ክር ዋጋ ያጫውተኛል። እጅና እግሩ ጌታቸውን ሳይጠይቁ ይሠራሉ። «አንድ ሰው መጥቶ የቀኝ እግርህን ሥራ ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ ስጥ ቢልህስ?» አልኩት። መወርወሪያውን አቁሞ አየኝና «ከማያውቅ ሰው እብሳለኋ!» አለ። «የማያውቅ ሰው ቢያንስ ቀስ ይላል። የኔ እግር ግን መች ይጠይቀኛል?»

እንግዲህ ይህችን ነገር ይዛችሁ አብራችሁኝ ወደ እንግሊዝ አገር ኑ።

ጀርመን ፖላንድን የወረረችው ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት ገብቶ መስከረም 6 ቀን ሶቭየት ኅብረት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ገባች። አገሪቱ ከሁለት ወገን ተጨፈለቀች። የፖላንድ አየር ኃይል ሰዎች ግን እጃቸውን አልሰጡም። በሩማንያና በሀንጋሪ በኩል አምልጠው፣ ከስደተኛ ካምፕ እየሾለኩ ፈረንሳይ ገቡ። ፈረንሳይም ስትወድቅ የተረፉት ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። እንግሊዞች በመጀመሪያ የተስማሙት 2,300 ሰዎችን ለመቀበል ነበር፤ 300 በራሪዎችና 2,000 የምድር ሠራተኞች። ቀድመው የደረሱት ለእንግሊዝ ንጉሥም ለገዛ አገራቸውም እንዲምሉ ተደረጉ። ሁለት መሐላ በአንድ አፍ። ነገሩ የተስተካከለው ሐምሌ 29 ቀን 1932 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አየር ኃይል ትእዛዝ ሥር የሚዋጋ፣ ግን የራሱ ሰንደቅ ያለው የፖላንድ አየር ኃይል ሆኑ።

ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎቻቸውን ዓለም ያውቃቸዋል፤ ፊልም ተሠርቶላቸዋል። እኔ የማወራችሁ ብዙ ስለማይወራላቸው ስለ ቦምብ ጣዮቹ ነው። በመካከለኛው እንግሊዝ ብራምኮት የሚባል የጦር ሰፈር አለ። ሰኔ 24 ቀን 1932 ዓ.ም. እዚያ የመጀመሪያው የፖላንድ ቦምብ ጣይ ስኳድሮን ተቋቋመ፤ ቁጥሩ 300 ይባላል። በተከታዩ ወር 301 ተከተለው፤ ጥቂት ቆይተው 304 እና 305 መጡ። የ300 የመጀመሪያ አዛዥ ቫትስዋፍ ማኮቭስኪ የሚባል ሰው ነው። ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት ሎት የሚባለው የፖላንድ አየር መንገድ ዳይሬክተር ነበር። እስቲ አስቡት። የአንድ አገር አየር መንገድ ዳይሬክተር፣ አብራሪዎችን ይሾምና ይሽር የነበረ ሰው፣ ዕድሜው ከእሱ ያነሰ እንግሊዛዊ ፊት ተቀምጦ «ይህ ምን ይባላል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ምን ተማሩ? የመጀመሪያው ትምህርት መርሳት ነበር። የሞተሩን ኃይል የሚጨምረው እጀታ በእነሱ አገር ወደ ኋላ ሲስቡት ነው ሞተሩን የሚያስጮኸው፤ በእንግሊዝ አውሮፕላን ግን ወደ ፊት ሲገፉት። እንግዲህ የሸማኔውን እግር አስታውሱ። በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚሄደው ወደ ለመደው ነው። ለመነሣት ሲፈልግ ሞተሩን የሚያጠፋ፣ ለማረፍ ሲፈልግ የሚያስፈነጥር ሰው ማለት ነው። ከፍታውን በሜትር ያስብ የነበረው በጫማ፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያሰላ የነበረው በማይል እንዲያስብ ተገደደ። በሌሊት፣ በደመና ውስጥ፣ ነዳጅ እያለቀ ሜትርን ወደ ጫማ መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ የሒሳብ ተማሪዎች ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ቋንቋው። በሬዲዮ የሚመጣው እንግሊዝኛ በመጽሐፍ እንዳለው አይደለም፤ ይንጫጫል፣ ይቆራረጣል። ተዋጊ አብራሪዎቹን እንግሊዞች ምን አደረጓቸው መሰላችሁ? ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ አስቀምጠው፣ ሬዲዮና ኮምፓስ ገጥመውላቸው፣ ሜዳ ላይ «ወደ ቀኝ! ወደ ግራ! ፍጥነት ጨምር!» እያሉ ያሽከረክሯቸው ነበር። ዋርሶ ሰማይ ላይ ከጀርመን ጋር የተታኮሰ ሰው የሕፃን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ይዞራል። አትሣቁ! ሣቁ እንጂ፣ እነሱም ስቀውበታል። ግን የሣቁ ውስጡ ይመራል።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱም የከፋ ይመስለኛል፤ ማን ያዛል የሚለው። ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አንድ ሰው አያበረውም። ዌሊንግተን የሚባለው፣ ፖላንዶቹ በኋላ የተሰጣቸው አውሮፕላን፣ ስድስት ሰው ይይዝ ነበር፤ ሁለት አብራሪ፣ መንገድ መሪ፣ ሬዲዮ ሠራተኛና ሁለት ተኳሽ፤ በኋላ አምስት ሆኑ። በፖላንድ ልማድ የአውሮፕላኑ አዛዥ መንገድ መሪው ነበር። ካርታውን የያዘ፣ መድረሻውን የሚያውቅ እሱ ስለሆነ ያዛል፤ አብራሪው እንደ ሾፌር ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት ግን መሪውን የጨበጠው አብራሪ ነው አዛዡ። ስለዚህ ትናንት «አድርግ» ይል የነበረ ሰው ዛሬ «እሺ» እንዲል ተማረ። ይህ ከእጀታውም ከጫማውም ይከብዳል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አባወራ ሲኖር እንዴት እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልጨምርበትም።

እዚህ ላይ ለሸማኔዎቹ ብቻ የሚሆን ወሬ አለኝ። ዌሊንግተን ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ነበር! አጽሙ ከቀላል ብረት እንደ ሰፌድ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይሠራል፤ ባርንስ ዋሊስ የሚባል መሐንዲስ ነው ያሰበው። ከላይ የሚለብሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ ሊነን የሚሉት የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን በሚያጠብቅና ውሃ በማያስገባ ቅብ ይቀባል። በጥይት ሲበሳ በተበሳው ቦታ ብቻ ይቀደዳል፤ ሌላው እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል። ግድግዳው ላይ በር የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቶበት ተመልሶ ያረፈ አለ። ሸማኔ እየተባለ የሚናቅ ሙያ ሂትለርን ለመምታት ሰማይ ላይ ወጥቶ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሥልጠናው ራሱ ጦርነት ነበር። በዚያ ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተውበታል፤ ከእነዚህም ከ8 ሺህ የሚበልጡት ያለቁት ጠላት ሳያያቸው፣ በበረራና በምድር ላይ አደጋ ነው፤ ብዙዎቹ ገና በሥልጠና ላይ እንዳሉ። ብራምኮት ላይ የሠለጠኑት ፖላንዶችም የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን መስከረም 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት የ300 እና የ301 ሰዎች ባሕሩን ተሻግረው፣ ጀርመኖች እንግሊዝን ለመውረር ጀልባ ያከማቹበትን የቡሎኝን ወደብ ደበደቡ። የመጀመሪያ ግዳጃቸው ይህ ነው። እያደር እንግሊዛውያኑ አሠልጣኞች ቀነሱ፤ የጦር ሜዳ ጊዜያቸውን የጨረሱ ፖላንዶች ራሳቸው ለተከታዮቻቸው በገዛ ቋንቋቸው ማስተማር ጀመሩ። እኔ እንደማምነው ሥልጠናው በትክክል የያዘው ያን ጊዜ ነው። ያወቀ ሰው እንደገና ሲማር ውርደቱ የሚበርድለት፣ አስተማሪው ያንኑ ውርደት ያለፈበት ሰው ሲሆን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እኛ አገር ዘመናዊ የመኮንኖች ማሠልጠኛ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ገነት ላይ ነው። አስተማሪዎቹ ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩት ስዊድናውያን ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የለመዱ ልጆች። ጊዜ አላገኙም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ ላይ ጠላት ወደ ሸዋ ሲገሠግሥ እነዚህ ልጆች ጣርማ በር ላይ ሊያቆሙት ወጡ፤ ማቆም አልተቻለም። ከዚያ በኋላ በወለጋ በተቋቋመው በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ እናገኛቸዋለን። በዚያው ሰኔ ለቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች አርፈው ሳለ በሌሊት ተከብበው ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮ የሚባለው የአየር ኃይል አዛዥም እዚያው ሞተ። አንድም አውሮፕላን ያልተሰጠው ጦር አውሮፕላን ማቃጠልን ተማረ ማለት ነው።

ከዚያ ስደቱ መጣ። አንዳንዱ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ ኢየሩሳሌም፣ አንዳንዱ ሱዳን ገባ። በደቡብ የተዋጉት ከነቤተሰቦቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ኬንያ ወረዱ። እንግሊዞች መጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ ኋላም ኪሊማንጃሮ ግርጌ ታቬታ በሚባል ቦታ አጥር አጥረው አስቀመጧቸው። እንግሊዝ ከጣልያን ጋር ሰላም ስለነበረች፣ ከጣልያን ጋር የተዋጋ ሰው ለእሷ የጦር ጓድ አልነበረም፤ ምግብ የሚሰፈርለት ስደተኛ ነበር። ፊታውራሪ የነበረ፣ ነፍጥ ይዞ መቶ ሰው ያስከተለ ሁሉ ሳህን ይዞ ተሰለፈ። ለዓመታት እንዲህ!

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀ። በአንድ ቀን ሁሉም ተገለበጠ። ትናንት «ዝም ብለህ ተቀመጥ» የተባለው ስደተኛ «ተነሥ፣ ዩኒፎርም ልበስ» ተባለ። ጃንሆይ ከእንግሊዝ በባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ተሳፍረው በግብፅ አድርገው ሱዳን ገቡ። ከታቬታ ስደተኞች ሻለቃ ጦሮች ተመለመሉ። ካርቱም አጠገብ ሶባ በሚባል ቦታ ደግሞ ለስደተኞቹ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ተከፈተ።

እንግዲህ ብራምኮትንና ሶባን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡልኝ። ዘመኑ አንድ ነው፤ 1932 እና 1933። አሠልጣኙ አንድ ነው፤ እንግሊዝ። ሆለታ ላይ በፈረንሳይኛ ትእዛዝ የለመደ ጆሮ በእንግሊዝኛ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። የሚለያየው ነገር ግን ብዙ ነው። ፖላንዱ በመጨረሻ ሞተር ያለው፣ ስድስት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ተሰጠው፤ የእኛው ግመል ተሰጠው። ይህን ስል ግመሉን ንቄ አይደለም፤ ጎጃም ድረስ ጥይቱንና ስንቁን የተሸከሙት ግመሎች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ደጋውን አልቻሉትም፣ መንገድ ላይ ረግፈዋል። ሌላው ልዩነት ለእኔ ከዚህ ይብሳል። ፖላንዶቹ በራሳቸው መኮንን ሥር፣ በራሳቸው ስኳድሮን ስም እንዲዋጉ በፊርማ ተስማሙ። የታቬታው ሻለቃ ጦር አዛዥ ግን እንግሊዛዊ ሻለቃ ነበር። በጠላት አገዛዝ ውስጥ የሚገኙ አርበኞችን ለማስታጠቅ የተቋቋሙት ትናንሽ ማዕከሎችም እንዲሁ፤ አንድ የውጭ አገር መኮንን፣ አምስት የውጭ አገር ሳጅን፣ ከሥራቸው ኢትዮጵያውያን።

የመማር ነገር ከተነሣ አንድ ሰው ልጥቀስ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲሻገር፣ ከጓዱ ውስጥ ገብረመስቀል የሚባል ኢትዮጵያዊ የሬዲዮ ባለሙያ ነበረ። በጠላት መሐል ሆኖ ከካርቱም ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ ከሌለ ያ ጉዞ ዕውር ነው። ስለ ሳንፎርድ ብዙ ገጽ ተጽፏል። ስለ ገብረመስቀል ስንት ገጽ አለ? ጥያቄዬን እዚህ ጋ ልተወው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላም ሠልጣኝ ነበር፤ መሣሪያው ብዕር የሆነ። ካርቱም ላይ ጆርጅ ስቲር የሚባል ጋዜጠኛ ከስደተኛ ኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአማርኛ አዋጅና ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። «ባንዲራችን» የምትባል ጋዜጣም አወጡ። የጃንሆይ አዋጅ በአውሮፕላን ይጣልና ለጣልያን የተሰለፈው ያገሬው ወታደር ያነበዋል፤ የማያነበው ያስነብባል፤ ማታ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ይጠፋል። የእኛ ስደተኞች አውሮፕላን ባያበሩም ቃላቸው በአውሮፕላን በርሯል። ከወረቀት የተሠራ ቦምብ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ማንንም ሳይገድል ስንት ጠመንጃ እንደማረከ ቤቱ ይፍረደው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፍን። የተማሩትን ለማን አደረጉት?

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማችን ተሰቀለ። ጃንሆይን አጅቦ የገባውን ጦር የሚመራው ዊንጌት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ እንግሊዛዊ ነበርና ጦሩን በጌዴዎን ስም ጠራው። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ለሚሳለም ሰው ጌዴዎንን ማስረዳት አያሻኝም፤ በ300 ሰው የምድያምን ሠራዊት የበተነው መስፍን ነው። የፖላንዶቹም የመጀመሪያ ስኳድሮን ቁጥሩ 300 መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ሳላነሣው ማለፍ አልቻልኩም።

ከታቬታ የመጣው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከዚሁ ጦር ጋር ነበረ። የካቲት 27 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ የሚያፈገፍገው ብዙ ሺህ የጣልያን ጦር፣ ብረት ለበስ መኪናውን አስቀድሞ፣ መንገዱ ላይ በወንዝ ዳር የሰፈረውን ይህንን ጥቂት መቶ ሰው አገኘው። ጦርነቱ የጥቂት ሰዓት ነው። ሻለቃው ተበተነ፤ ግን ሳይተኩስ አልተበተነም። ብረት ለበስ መኪና መትቷል፣ በጠላትም ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል። እንግሊዛውያን መኮንኖች ኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ስለዚህ ሻለቃ የጻፉት ሁሉ ሙገሳ አይደለም፤ ያጉረመርማሉ፣ ያስቸግራሉ ብለዋል። እኔ ግን ሳነበው የምጠይቀው ሌላ ነው። ያን ያህል ዓመት አጥር ውስጥ ያስቀመጥኸው፣ ማዕርጉን ገፍፈህ ተራ ወታደር ያደረግኸው፣ ጠላት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያሰፈርኸው ሰው ቢያጉረመርም ይደንቃል? ያወቀ ሰው እንደገና ሲማር ያጉረመርማል። ብራምኮትም ላይ አጉረምርመዋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት ከገባ ልክ አምስት ዓመቱ። ስለዚህ የእኛ ስደተኛ የተማረውን ለገዛ አገሩ አደረገው ብዬ ዲስኩሬን እዚህ ላይ ባቆም ታጨበጭቡልኝ ነበር። ግን የጠየቀኝ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ልዋሸው አልችልም።

ሲመለሱ አገር ባዶ አልነበረችም። አምስት ዓመት በዱር የኖረ አርበኛ ነበረ፤ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በጎጃም። ስደተኛው ሠልጥኖ መጣ፤ እንግሊዝኛ ይሰማል፣ የሰልፍ ሥርዓት ያውቃል፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተዋውቋል። አርበኛው ግን የጦር ሜዳውን እንጂ የቢሮውን መንገድ አያውቅም። ሹመቱ ሲታደል ለማን እንዳዘነበለ ሽማግሌዎቹ ታውቃላችሁ። ከሆለታ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት፣ በስደትም የቆዩት ሙሉጌታ ቡሊ የክብር ዘበኛን አደራጅተው መሩ፤ ችሎታቸውን ማንም አይክድም፤ ኮርያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃም ከዚያው ከክብር ዘበኛ የወጣ ነው። በዚያው ዘመን ግን በ1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በስቅላቱ ምክንያት ዛሬም ብዙ ክርክር አለ፤ እኔ ያንን ዛሬ አልፈታውም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሥልጠና ለስደተኛው እንጀራ ሲሆን፣ ባልሠለጠነው አርበኛ ዘንድ ቂም ሆኖ ቀርቷል። ይህ በታሪካችን ትልቅ ጥፋት ነበር ብዬ አምናለሁ። በዱር ያደገውን ዕውቀት ከሶባው ጋር አንድ ወንበር ላይ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

ፖላንዶቹስ? የእነሱ ይብሳል። ሐምሌ 25 ቀን 1936 ዓ.ም. ዋርሶ በጀርመን ላይ ተነሣች። ከጣልያን አገር ከብሪንዲዚ የሚነሡ የፖላንድ በራሪዎች በሌሊት ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው ለተከበበችው ከተማ መሣሪያና መድኃኒት ይጥሉ ነበር። ለዓመታት የተማሩት ለዚህ ቀን ነው። ከተማቸውን ከሰማይ አዩ፤ ስትቃጠል አዩአት። ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ከዚያ በ1937 ዓ.ም. ያልታ ላይ ታላላቆቹ መንግሥታት ተሰብስበው ፖላንድን በሶቭየት ጥላ ሥር ተዉአት። ሰኔ 1 ቀን 1938 ዓ.ም. ለንደን ላይ የድል ሰልፍ ሲደረግ፣ ከእንግሊዝ ጋር ከተዋጉት ፖላንዶች መካከል መጀመሪያ የተጠሩት 25 ተዋጊ አብራሪዎች ብቻ ነበሩ። ቦምብ ጣዮቹ፣ እግረኞቹ፣ መርከበኞቹ ያን ጊዜ አልተጠሩም። 25ቱም «ወንድሞቻችን ካልተጠሩ እኛም አንወጣም» ብለው ቀሩ።

ወደ አገሩ የተመለሰውስ ምን አገኘው? ስታኒስዋፍ ስካልስኪ የሚባለው ዝነኛ አብራሪ ተመለሰ። በ1940 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሰልለሃል ተብሎ ታሰረ፣ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለትና በ1948 ዓ.ም. ተፈታ። በእኛ አገር ስደተኛው ተሾመ፣ አርበኛው ተከፋ። በእነሱ አገር ስደተኛው ታሰረ። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ጦርነት፣ ሁለት መጨረሻ።

ልጄ፣ ለጥያቄህ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ስደተኛ ወታደር የሚማረው ከጀማሪ ጋር አብሮ መቀመጥን ነው። ለማን እንደሚያደርገው ግን የሚወስነው እሱ አይደለም፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ የያዘው ነው።

አሁን ያቆየሁትን ጥያቄ ላንሣ። ዊንጌትን፣ ሳንፎርድን፣ ቪኪንግ ታምን በስም ጠራሁላችሁ። ፖላንዶቹ የወደቁ በራሪዎቻቸውን ስም እንግሊዝ አገር በሚገኝ ትልቅ ሐውልት ላይ በድንጋይ ጽፈዋል። የታቬታ ሰዎች ስም የት ነው የተጻፈው? የገብረመስቀልስ? ሶባ ላይ እንግሊዝኛ ፊደል የቆጠሩትስ እነማን ናቸው? የአንዳንዶቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ፣ ሜዳልያ፣ የቀለብ ካርድ፣ ከካርቱም የተላከ ደብዳቤ ይኖር ይሆናል። አይጥ ሳይበላው፣ ልጆች መጫወቻ ሳያደርጉት አውጡት።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። የአያታችሁን ስም፣ የነበሩበትን ካምፕ፣ ያስታወሳችሁትን ሁሉ ጻፉበት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስከ 11 ሰዓት እዚሁ ነኝ።